የባለቤቴ ጣቶች የተለኩ ዕለት

ስለ ባለቤቴ ጻፍልን ያሉኝ አብረዋት የሠሩት ሴቶች ናቸው። በየዓመቱ የሚያወጡት አንድ ቀጭን መጽሔት አላቸው፤ እዚያ ላይ የድሮ ሠራተኛ ታሪክ ይወጣል። እሷን ጠይቋት ብላቸው «እሷማ አትነግረንም» አሉ። እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። እጄ ወስፌ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ ትምህርቴም የማታ ነው፣ እሱንም ሳልጨርስ ነው የተውኩት። ስለዚህ የተጣመመ ፊደል ካለ አቃኑት። ታሪኩን ግን አታቃኑት።

ባለቤቴን ያወቅኳት በጫማ ነው። ተረከዙ የወለቀ ጫማ በእጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ እያነከሰች መጣች። ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠብቂ ብላት «እስኪደርቅ እኔ አረጃለሁ» አለችኝና ሳቀች። እኔ ከሴት ጋር ማውራት አልችልም ነበር፤ አሁንም አልችልም። እሷ ግን ስለ ሁለታችንም ታወራ ነበር። ወላጆቿን ገና በልጅነቷ ነው ያጣችው፣ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስቷ ቤት ከሌሎቹ ልጆች ኋላ ላለመቅረት ፈጥና መሥራት ለምዳለች። ስታጥብም ስትሰፋም ስትልጥም እጇ አይታይም ነበር።

ወደ ዶሮ ፋብሪካው የገባችው ልጃችን ጡት በተወች ዓመት ነው። የተመደበችበትን ክፍል ሠራተኛው ሁሉ «በረዶ ቤት» ይለዋል። የታረደውና የተነጨው ዶሮ በበረዶ ውሃ ገንዳ ውስጥ አልፎ ይመጣል። ሴቶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው በአንድ እጃቸው ከውሃው ያወጣሉ፣ በሌላው በቢላ ጭኑን ከደረቱ ይለያሉ። ከውስጥ የክር ጓንት፣ ከላይ የላስቲክ ጓንት ያደርጋሉ። ላስቲኩን ቢላው ቶሎ ይበሳዋል። ከዚያ በኋላ የክሩ ጓንት ውሃ ይጠጣል፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ መዋል ነው። በሩ ሲከፈት ጉም ይወጣል። ምሳ ላደርስላት ስሄድ በዚያ ጉም ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ይመስሉኝ ነበር፤ እሷን የምለያት በቢላዋ ፍጥነት ነው። ይህን የምለው ባሏ ስለሆንኩ አይደለም። አለቃው ራሱ አዲስ ሰው ሲመጣ «ሂጂና እሷ አጠገብ ቁሚ፣ ዓይንሽን ከእጇ ላይ እንዳታነሺ» ይል ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ታክኮ የሚያልፍ አንድ የእንፋሎት ቧንቧ አለ። ከማሞቂያው ተነስቶ ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚሄድ ነው። የበረዶ ቤት ሴቶች በእረፍት ሰዓት ቧንቧውን በጨርቅ ጠቅልለው ይይዙታል። ለሁሉም እጅ አይበቃም፤ ስለዚህ ተራ አለው። ተራውን የምታስከብረው አንዲት ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ጎርናና ሴት ነበረች። ሻለቃ ነው የሚሏት። የወታደር ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ግን እሷን ሌላ ምን ብሎ መጥራት ይቻላል። «አንቺ፣ ቧንቧው ባልሽ ነው እንዴ? ልቀቂው!» ካለች ይለቀቃል። ለባለቤቴ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ልጃችን ስትታመም እቤታችን አብራን የምታድር እሷ ነበረች፤ እኔና ባለቤቴ ስንኳረፍም መሃላችን ገብታ ሁለታችንንም የምትሰድበን እሷው ነበረች።

ሌላም ነገር አለ። የፋብሪካው ሰው ያውቀዋል፣ ለማያውቀው ግን ልጻፈው። በዓመት አንድ ጊዜ የሠራተኛው ጤና ይታያል። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ። የሳለ፣ ቁስል የተገኘበት፣ እጁ የተንቀጠቀጠ «እስኪሻልህ እቤትህ እረፍ» ይባላል፤ ከዚያ ተመልሶ የገባ ሰው አላየንም። ስለዚህ ያ ቀን ሲደርስ ሳል ያለባት ማር ትልሳለች፣ እጇ የሚደርቅባት ቧንቧው ላይ ትለጠፋለች፣ ወገቧን የሚያማት ቀጥ ብላ ትገባለች። ሻለቃ አዲስ ለገባች ሴት መጀመሪያ የምታስተምረው የቢላ አያያዝ አልነበረም። «ነጭ የለበሰ ሰው ሲጠይቅሽ መልሱ ‘ምንም’ ነው» ነበር የምትላት።

የባለቤቴ ጣቶች መንጣት የጀመሩት ልጃችን ትምህርት ቤት በገባች ክረምት ነው። መጀመሪያ የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ብቻ ነበር። ከሥራ ስትወጣ ጫፉ ደም እንዳልነበረው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ቆየት ብሎ ወደ ሰማያዊ ነገር ይሄዳል። ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይቀላል፤ መከራው ያኔ ነው፣ እንደ እሳት ያቃጥላታል። ከዚያ መሃል ጣቷ ተከተለ፣ ከዚያ የግራ እጇ። ሴቶቹ ሻማ የሚል ስም አወጡላት።

«ሻማ፣ መብራት ጠፍቷልና እስቲ ወዲህ ነይ!»

«ክብሪቱን አንቺ አምጪ፣ ሰሙ ከኔ» ትላለች እሷም። ይሳሳቃሉ።

እቤት ግን አትስቅም። የልጃችንን ፀጉር የምትሠራው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ልጅቷ ቀና ብላ «እማዬ፣ እጅሽ የማን ነው?» አለቻት። ምን ማለቷ እንደሆነ እንጃ፤ ሕፃን ናት። ባለቤቴ ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወጣች። ሌላ ቀን ደግሞ ሥራዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጣችና ወስፌዬን አንስታ የጣቷን ጫፍ ወጋችው። ብድግ አልኩ።

«አንቺ! ምን ሆነሻል?»

«ዝም በል። ይኸው፣ ምንም አልተሰማኝም።»

ደሙም ቶሎ አልመጣም። ቆይቶ ቆይቶ አንዲት ጠብታ ወጣች። ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ ነው ሁለታችንም ያየናት።

በዚያው ሰሞን ልብስ ማጠቢያ ያለችው ሴትዮ ጡረታ ልትወጣ ነው ተባለ። የሠራተኛው ካፖርት የሚታጠብበት ክፍል ነው። ቧንቧው የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ እዚያ ክረምት የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ ይህን የሰማች ቀን እንደ ልጅ ሆነች።

«እዚያ ከገባሁ እነዚህ ጣቶች ይተርፋሉ» አለችኝ።

ሌላ ምንም አልፈለገችም። እድገት አላለችም፣ ሌላ ፋብሪካ አላለችም። ከግድግዳው ወዲህ ወደ ግድግዳው ወዲያ መሻገር ብቻ ነው።

አለቃው «የሐኪም ቃል አምጪ» አላት። የፋብሪካው ሐኪም ክፉ ሰው አይደለም፣ ሁልጊዜ የቸኮለ ሰው ነው። እጇን ተቀብሎ አገላበጠው። ኮሪደሩ ላይ ተራ ስትጠብቅ ሙቀት አግኝተው ጣቶቿ ቀልተው ነበር።

«አሁን እኮ ምንም አይታይም» አላት።

«ብርድ ሲነካኝ ነው ዶክተር።»

«ብርድ ማንን አይነካም?» አለና ትንሽ አሰበ። «ስሚኝ። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ የጣት ደም ሥር ብርድ ሲነካው ምን እንደሚሆን የሚለካ መሣሪያ አለ። ይዘጋል ካለ እኔም እጽፍልሻለሁ፣ አለቃሽም እምቢ አይልም። አይዘጋም ካለ ግን በቃ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚያ መሣሪያ ላይ ወደቀ።

ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ሥራ ገብታ በምሳ እረፍት አስፈቅዳ ትወጣለች ተባባልን፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ በር ላይ ልጠብቃት ሄድኩ። ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ሻለቃ ጠዋት ገና ሥራ ሳይጀመር ቧንቧው ፊት ለፊት ቆማ፣ «ዛሬ ይህ ቧንቧ የሻማ ነው! ተራ አለኝ የምትል ካለች ወዲህ ትምጣ!» አለች። ማንም አልመጣችም። የሁሉም እጅ በሚደነዝዝበት ወቅት ነው፣ ግን አንዲትም አልመጣችም። በእረፍቱ ባለቤቴ ብቻዋን ቧንቧውን አቅፋ ቆየች። እረፍቱ ሲያልቅም ሻለቃ አላስነሳቻትም። «አንቺ እዚያው ሁኚ፣ ያንቺን እኔ እቆርጣለሁ። አለቃው ከጠየቀ ሽንት ቤት ናት እለዋለሁ» አለቻት። አንዷ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችላት። አንዷ የባሏን የሱፍ ጓንት አምጥታ ነበር። ሌላዋ ጣቶቿን አንድ በአንድ በቅባት አሸቻቸው። እንደ ሙሽራ ነው ያዘጋጇት።

ስትወጣ ጉንጯ ቀልቷል። ሴቶቹ እስከ በሩ ድረስ ተከትለዋት መጡ።

«እንዳታሳፍሪን!»

«ቀና ብለሽ ግቢ!»

ሻለቃ የበሩን ብረት ይዛ «ሲጠይቁሽስ?» ብላ ጮኸች።

«ምንም!» አለች ባለቤቴ እየሳቀች።

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ እዚያም ሙቀት ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ደግሞ ከማሞቂያው አጠገብ ነበር። ወረፋችን እስኪደርስ ባለቤቴ ጓንቷንም ሻርፗንም አላወለቀችም።

የሚለኩበት ክፍል ትንሽ ናት። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮ የሚያክል መሣሪያ ከነስክሪኑ። የምትለካው ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ ስሟን ስላልጠየቅን ለኪዋ እላታለሁ። ነጭ ካፖርት ለብሳለች። እኔን «እርስዎ እዚያ ጥግ ይቀመጡ፣ ብቻ አያናግሯት» አለችኝ። ከኔ የሚጠበቀው ዝምታ ከሆነ ችግር የለም።

«እናቴ፣ ጓንቱን ያውልቁና ጋደም ይበሉልኝ» አለቻት።

«እናትሽ? እህትሽ በይኝ እንጂ! ያስረጀኝ ሥራ ነው።»

ለኪዋ ሳቀች። ደግ ልጅ ነበረች፣ ይህን መጻፍ አለብኝ። እየሠራችም ታስረዳን ነበር። «ጣት ውስጥ ያለው ደም ሥር እንደ ቀጭን ጎማ ነው። ብርድ ሲነካው ጠበብ ይላል፤ የሰውነታችን ሙቀት በጣታችን በኩል እንዳያልቅብን ነው። የሁላችንም እንደዚያ ነው። ጤነኛው ጠበብ ብሎም ቢሆን ደም ያሳልፋል። የታመመው ግን እንደ ቡጢ ይጨበጣል፣ ምንም አያሳልፍም። እኔ የማየው ያንን ነው።»

እንደ ቀለበት የምትጠልቅ ጠባብ የጎማ ከረጢት ጣቷ ላይ አሰረችላት። ከረጢቷ በቀጫጭን ቱቦ ከመሣሪያው ጋር ተያይዛለች፤ በአንዱ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባባታል፣ በሌላው አየር። የጣቷን ጫፍ ደግሞ የልብስ መቆንጠጫ በመሰለች፣ ውስጧ ቀይ መብራት ባላት ነገር ቆነጠጠችው። ከረጢቷ በአየር ስትነፋ ደም ይቆማል። አየሩ ሲለቀቅ ደሙ መመለሱና አለመመለሱ ስክሪኑ ላይ በመስመር ይታያል። መስመሩ ቀና ካለ ደም መጣ ማለት ነው። ተኝቶ ከቀረ ደም ሥሩ ተዘግቷል።

«ከመጀመሬ በፊት ልጠይቅዎት። ዛሬ እጅዎን ሲያሞቁ ነበር?»

«እኔ? ኧረ ምንም።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከሥራ ነው።»

«እሺ። ሲቀዘቅዝ ካመምዎት ይንገሩኝ።»

ውሃው ገባ። እኔ ጥጌ ሆኜ የባለቤቴን ፊት አያለሁ። ጥርሷን ነክሳለች።

«ያምዎታል?»

«ምንም።»

«መደንዘዝስ?»

«ምንም፣ የኔ እህት።»

ከረጢቷ ተነፋች፣ ተነፈሰች። መስመሩ ትንሽ ተኛና ቀና አለ። ለኪዋ ውሃውን ከበፊቱ ይበልጥ አቀዘቀዘችው። ተነፋች፣ ተነፈሰች፣ መስመሩ ቀና አለ። ሌላውን ጣት አሰረች፤ እሱም ቀና አለ። ደም በመጣ ቁጥር መሣሪያው ጢት ይላል። ያንን ድምፅ ስሰማ እኔ ቂሉ ደስ ይለኝ ነበር። መቼም የሚስቱ ደም ሲመጣ የሚከፋው ባል የለም።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለች ለኪዋ ቀለበቱን እየፈታች። «ደም ሥርዎ ጤነኛ ነው። እንዲያውም የወጣት ነው የሚመስለው።»

«ተመስገን» አለች ባለቤቴ። «እግዜር ይስጥሽ።»

ከሆስፒታሉ ወጥተን ቁልቁለቱን ያዝን። ነፋስ ነበር። ጓንቱን አልጋው ላይ ረስታዋለች፣ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከታ ታወራለች። ሻለቃ ስትሰማ ምን እንደምትል በሻለቃ ድምፅ እያስመሰለች ታስቀኛለች። አንድ የጫማ መሸጫ መስኮት ጋ ስንደርስ ቆመች። ጫማ ያየች መስሎኝ እኔም ቆምኩ።

«አንተ» አለችኝ።

«ወይ።»

«አሁን እኔ አለፍኩ ማለት ነው?»

«አለፍሽ እንጂ! የወጣት ነው ብላሽ የለም?»

«ካለፍኩ ማጠቢያ ቤት በምን ልገባ ነው?»

እሷ እጇን ከሻርፑ አውጥታ ወደ ላይ ያዘችው። ነፋሱ መታው። እዚያው መንገድ ላይ፣ ሰው በግራ በቀኝ እያለፈ፣ ዓይናችን እያየ ሌባ ጣቷ ነጣ። ከዚያ መሃል ጣቷ። ከዚያ የቀሩት።

«ለመውደቅ ነበር እኮ የሄድኩት» አለች። «ለመውደቅ! እኛ የምናውቀው ማለፍ ብቻ ነው፤ ሁላችንም ለማለፍ ተዘጋጀን።»

ዳገቱን እየሮጥን ተመለስን። ነጩ ሳይጠፋ ላድርሰው ብላ እጇን ከፊቷ ዘርግታ ነው የምትሮጠው፤ ሰው ዞሮ ያያታል። ስንደርስ ለኪዋ ሌላ ሰው አስተኝታ ነበር። ያው ኮሪደር፣ ያው ማሞቂያ። ለኪዋ በሩን ከፍታ ስትወጣ ጣቶቹ ቀልተዋል።

«አሙቄው ነበር» አለቻት ባለቤቴ ትንፋሽ እያጠራት። «ጠዋቱን ሙሉ የእንፋሎት ቧንቧ ይዤ ነበር። ብብቴም ሥር ሙቅ ውሃ ነበር።»

ለኪዋ ደነገጠች። «እንደዚያማ ከሆነ ልኬቱ ምንም አይናገርም! የሞቀ ሰውነት ደም ሥሩን ከፍቶ ይይዘዋል። ጠይቄዎት ነበር እኮ እናቴ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ነጭ ለብሰሽ ነዋ የጠየቅሽኝ።»

ለኪዋ ወደ ካፖርቷ አየች። አልገባትም፤ እንዴትስ ይግባት። ውጤቱ ወደ ፋብሪካው ሐኪም ተልኳል፣ እንደገና የሚለካው እሱ ካዘዘ ነው፣ እኔም ደውዬ እነግረዋለሁ አለችን። መደወሉን ደውላለች።

በማግስቱ ባለቤቴ በረዶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ቢላቸውን እንደያዙ ዞሩ።

«እህሳ ሻማ፣ አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

ቢላቸውን ጥለው አጨበጨቡ። በላስቲክ ጓንት ሲጨበጨብ ውሃ ይረጫል። ሻለቃ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትደበድበው ጀመር፤ «አላልኳችሁም! አላልኳችሁም!» ትላለች። ባለቤቴ ቦታዋ ላይ ቆመች፣ እጇን ገንዳው ውስጥ ከተተች፣ ዶሮ አወጣች። ይህን ሲያዩ ጭብጨባው መጀመሪያ ከአንዷ እጅ ጠፋ። ከዚያ ከሌላዋ። አንድ በአንድ ገባቸው። የመጨረሻዋ ሻለቃ ነበረች፤ ብቻዋን ጠረጴዛውን ስትደበድብ ቆይታ ዙሪያዋን አየች።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

ሁሉም ወደ ዶሮው አቀረቀረ።

ሐኪሙ ለኪዋ ያለችውን ሰምቷል። «አንድ ቀን ምንም የለብኝም፣ በማግስቱ አሞኛል ስትይ እኔ የቱን ልጻፍ?» አላት። «ክረምቱ ይለፍና እንደገና ትለኪያለሽ።» ክረምቱ ገና አፉን መክፈቱ ነበር። ብርዱ ካለፈ በኋላ ምን ሊለካ እንደሆነ አልጠየቀችውም። እሺ ብላ ወጣች። የማጠቢያው ቦታም ለሌላ ሴት ተሰጠ። ለማን እንደሆነ አልጽፍም፤ እሷም አስም ይዟት ነው የገባችው፣ ምን ታድርግ።

ከዚያ በኋላ ሻለቃ የራሷን የቧንቧ ተራ በየቀኑ ለባለቤቴ ትሰጣት ነበር። አልፈልግም ስትል በግድ ትጎትታታለች። ባለቤቴ ትሄዳለች፣ ትይዛለች፣ አትናገርም። ቧንቧው ግን የእረፍት ነው፤ ገንዳው የቀን ሙሉ ነው።

የሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቁስል ወጣች። ብታጥባት፣ ብትቀባት፣ ብትጠቀልላት አልድን አለች። ቀስ በቀስ ዙሪያዋ ጠቆረ። መሃል ጣቷም ላይ እንደዚያው ወጣ። «ነጩን እፈራው ነበር፤ ጥቁሩን ሳይ ነጩ ናፈቀኝ» አለችኝ አንድ ቀን ጨርቁን እየፈታች። እኔ ቆዳ አውቃለሁ። የደረቀ ቆዳ መልሶ እንደማይለሰልስ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እሷም እየሠራሁ ለዓመታት ስታየኝ የኖረች ናት።

ሁለቱን ጣቶች ከመሃለኛው አንጓ ላይ ቆረጧቸው። ሰመመኑ ሲለቃት መጀመሪያ የጠየቀችው «የት አደረጓቸው?» ብላ ነው። ሻለቃ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር፤ ባለቤቴ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የደከማት ነበር የመሰለን።

ከዚያ የፋብሪካው ሐኪም ራሱ ልኬቱን አዘዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ያቺው ለኪዋ ነበረች። ባለቤቴ ያን ቀን ሻርፕ አላደረገችም፤ አውቶቡስም አልፈልግም ብላ በእግሯ ነው የሄደችው፣ እኔ ከኋላ ከኋላዋ። ለኪዋ የቀሩትን ጣቶች አሰረች፣ ውሃውን አስገባች። ከረጢቷ ተነፋች፣ ተነፈሰች። መስመሩ ተኝቶ ቀረ። ሌላውን አሰረች። ተኝቶ ቀረ። መሣሪያው ትንፍሽ አላለም።

«ተዘግቷል» አለች ለኪዋ ቀስ ብላ።

«ወደቅኩ?»

«እናቴ...»

«ታዲያ እንኳን ደስ ያለዎት በይኛ!»

ለኪዋ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው መለሰችና ቱቦዎቹን መጠቅለል ያዘች። እኔ አዘንኩላት። ባለቤቴ ግን አላዘነችላትም፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ማጠቢያው ሁለት ሰው ያስፈልገዋል ተባለና ገባች። ሙቀት ነው። የቀሩት ጣቶቿ ውጭ ካልወጣች በስተቀር አይነጡም። የፈለገችውን አገኘች። ሰዎች «ተመስገን በይ፣ ከዚህም የባሰ አለ» ይሏታል፤ እሷም ተመስገን ትላለች፣ ከአንገት በላይ።

አንድ ቅዳሜ ሻለቃ ሱቄ መጣች። ከቦርሳዋ ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ። አገላበጥኩት፤ ሶሉም ስፌቱም ደህና ነው።

«ይኸ ምን ይደረግለት?»

«እንጃ። እንዲሁ ያዝልኝ» አለችና በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «ወንድሜ፣ አታናግረኝም። ማጠቢያው በር ላይ ስደርስ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ምን አድርጌያት ነው? እኔ እኮ እንዳይበርዳት ብዬ ነው።»

ጫማዋን መለስኩላትና «ነይ እቤት እንሂድ» አልኳት።

ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየቻት። ግቢም አላለቻት፣ ሂጂም አላለቻት።

«እህቴ» አለች ሻለቃ። «ስደቢኝ። ምቺኝ። የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ ብቻ አናግሪኝ።»

«በምን ልስደብሽ?» አለች ባለቤቴ። ድምጿ ከፍ አላለም። «ተራሽን ሰጠሽኝ። ሥራዬን ሠራሽልኝ። ያ ሁሉ ሴት እጇ እየደነዘዘ እኔን አሞቃችሁኝ። አንዲት ክፉ ነገር አድርገሽብኝ ቢሆን ኖሮ ይቅር ብዬሽ ይወጣልኝ ነበር። ምንም የለም። ይቅር የምልሽ ምንም ነገር የለም። ሳይሽ ግን እነዚህ ያቃጥሉኛል» ብላ የጎደለ እጇን አነሳች። «የሉም፤ ግን ያቃጥሉኛል። ስለዚህ አትምጪብኝ።»

ሻለቃ ዞራ ሄደች። ተከትያት ልወጣ ስል ባለቤቴ «ተዋት» አለችኝ። ተውኳት። ብከተላትስ ምን ልላት ነበር።

ሁለቱም ዛሬም እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ናቸው፣ የሚለያቸው ግድግዳ ነው። በየሳምንቱ የበረዶ ቤት ካፖርት ተሰብስቦ ወደ ማጠቢያው ይመጣል። ባለቤቴ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ቁልፍ የተነቀለውን ትተክላለች፤ በቀሩት ጣቶች መርፌ መያዝ ከኔ ጋር ሆና ነው እንደገና የተማረችው። የሻለቃን ካፖርት ታውቀዋለች፣ ከሁሉም ሰፊው እሱ ነው። እሱንም ከሌላው እኩል ታጥባለች፣ ከሌላው እኩል ትተኩሳለች። የተነቀለውን የደረቱን ቁልፍ ግን አትተክለውም። ሻለቃም ትከሉልኝ አላለችም አሉኝ። በመርፌ ቁልፍ አያይዛው ወደ በረዶ ቤት ትገባለች።